ባግ፣ ሃከር፣ «ሲስተም የለም»፦ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የጻፉት መዝገበ ቃላት ታሪክ

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከተመራቂ ወደ አዲስ ገቢ የሚተላለፍ አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ልኬት የሠራ ተማሪ ሁሉ ያየውን እዚያ ላይ ያሰፍራል። ደብተሩ እኔ እጅ ሲገባ አንድ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ማስጠንቀቂያ አገኘሁ፦ «ሽማግሌው ከሞቀ ቁጥሩን እንዳታምኑ!» ይኸው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለም።

መጀመሪያ በአንድ መምህር ላይ የተቀለደ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ የምወስደው ልኬት ጠዋት ከወሰድኩት ጋር አልገጥም አለኝ። ኮዱን ፈተሽኩ፣ ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ሽቦዎቹን በሙሉ ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ። በመጨረሻ ከእኔ በፊት የተመረቀ ልጅ ጋ ደውዬ ስጠይቀው ሳቁ አልቆም አለው። «ሽማግሌው» ማለት ለካ ጥግ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ነው። ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ይሞቅና የሚሰጠው ቮልቴጅ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ይህንን ሁሉም ያውቁት ነበር። ተመርቀው ሲሄዱ ቃሉ ደብተሩ ላይ ቀረ፣ ትርጉሙ ግን አብሯቸው ሄደ።

ቀልድ የሚመስሉ የሙያ ቃላት ውስጥ እንዲህ ያለ እውቀት ተቀብሮ ይገኛል። ታዲያ ማን ይጻፋቸው? መደበኛ መዝገበ ቃላት እስኪደርስላቸው ድረስ ብዙዎቹ ይጠፋሉ። የኮምፒዩተር ዓለም ግን በዚህ ረገድ አንድ ለየት ያለ ታሪክ አለው፤ ቃላቱን የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው፣ እየሠሩና እየቀለዱ፣ መዝገበ ቃላታቸውን ጻፉ። ምን እንዳተረፉ፣ የት ላይ እንደተሳሳቱና እኛ ከዚህ ምን እንደምንማር እስቲ አብረን እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከሞዴል ባቡር ነው

በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤምአይቲ፣ በ1946 የተመሠረተ የሞዴል ባቡር ክበብ አለ። አባላቱ በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንዳንዶቹ የሚወዱት ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ነው፤ ባቡሮቹን፣ ዛፎቹን፣ ትንንሾቹን ቤቶች። ሌሎቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ገብተው፣ ከስልክ ማዞሪያ በተገኙ ሪሌዮችና ሽቦዎች ባቡሮቹን የሚቆጣጠረውን ሥርዓት ሲጎነጉኑ ያድራሉ።

ከጠረጴዛው ሥር የሚያመሹት ልጆች የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። በ1959 ፒተር ሳምሰን የተባለ አባል ቃላቱን ሰብስቦ ትንሽ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። «ሃክ» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ አለ። ፍቺው ጠቅለል ሲደረግ «ለቁም ነገር ሳይሆን እንዲያው የሚሠራ ነገር» እንደማለት ነው። ስለ የይለፍ ቃል ስርቆት አንድም ነገር የለበትም። ተቋሙ ውስጥ ተማሪ በእጁ ሊነካቸው የሚችሉ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ሲገቡ እነዚሁ ልጆች ወደ ኮምፒዩተሮቹ ተሻገሩ፤ ቃሎቻቸውንም ይዘው ሄዱ።

አንድ ፋይል፣ ሁለት ቅጂ

በ1975 ራፋኤል ፊንክል የተባለ ሰው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ሆኖ በየላቦራቶሪው የሚሰሙትን ቃላት አንድ ፋይል ውስጥ መሰብሰብ ጀመረ። በጊዜው አርፓኔት የሚባለው፣ የዛሬው ኢንተርኔት አባት የምንለው መረብ፣ የምርምር ተቋማትን ኮምፒዩተሮች ያገናኝ ነበር። በ1976 ማርክ ክሪስፒን ፋይሉን በዚሁ መረብ ቀድቶ ወደ ኤምአይቲ ወሰደው። እሱና ጋይ ስቲል እላዩ ላይ ይጨምሩበት ጀመር። ፋይሉም «ጃርጎን» ተባለ፤ ዛሬ «ጃርጎን ፋይል» እያልን የምንጠራው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድ ቅጂ ስታንፎርድ፣ ሌላ ቅጂ ኤምአይቲ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ቦታ ሰዎች ይጨምራሉ፣ ያርማሉ፣ በየጊዜው ሁለቱ ቅጂዎች እንዲገጥሙ ይደረጋል። ዋና አዘጋጅ፣ የቋንቋ ኮሚቴ፣ ማኅተም የሚባል ነገር የለም። ቃሉን የሚጠቀም ሰው ትርጉሙን ይጽፋል፤ የተሳሳተ መስሎ ከታየው ሌላ ተጠቃሚ ያስተካክለዋል። አሁን ዊኪፔዲያን ስለለመድን ነገሩ ተራ ይመስለናል። በ1976 ግን መዝገበ ቃላት ማለት ምሁራን ለዓመታት ለፍተው የሚያሳትሙት ወፍራም መጽሐፍ ነበር።

ፋይሉ ውስጥ ያሉት ፍቺዎች አብዛኞቹ ያስቃሉ፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደሉም። «ሞቢ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከዓሣ ነባሪው ከሞቢ ዲክ የተወሰደ ሲሆን «በጣም ትልቅ» ማለት ነው። ፒዲፒ-10 በሚባለው ኮምፒዩተር ላይ ለሚሠሩት ግን ቁርጥ ያለ መጠንም ነበረው፤ አንድ ሞቢ ማለት ማሽኑ በአድራሻ ሊደርስበት የሚችለው የማስታወሻ ቦታ በሙሉ ነው። የማሽኑ አድራሻ 18 ቢት ስለነበረ 262,144 ቦታዎችን መጥራት ይችላል፤ እያንዳንዱ ቦታ ደግሞ 36 ቢት ይይዛል። እናባዛው ካልን በዛሬው አለካክ አንድ ሜጋባይትና ትንሽ ፈሪ ነው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል! ያን ጊዜ ግን ያ መጠን ዓሣ ነባሪ ነበር። ቃሉ የዘመኑን ማሽን አሠራርና የተጠቃሚዎቹን አድናቆት አንድ ላይ ይዞ ቆይቶናል። ልክ እንደ እኛ «ሽማግሌው»፣ ልዩነቱ ትርጉሙ መጻፉ ነው።

የእሳት እራቷና «ባግ»

ተጠቃሚ የጻፈው ታሪክ ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ? አይደለም። ምርጡ ምሳሌ «ባግ» ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ስህተት ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ የቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም ነፍሳት ነው። (አነጋገሩ ከእኛው «በግ» ጋር ስለሚገጥም «ኮዴ ውስጥ በግ ገባ፣ እረኛ ፈልጉልኝ» የማይል የክፍል ቀልደኛ አይጠፋም።)

ቃሉ ከየት መጣ ሲባል ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ የሰማነው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ግሬስ ሆፐር የተባለችው ታዋቂ የኮምፒዩተር ሊቅ ማሽኗ አልሠራ ሲላት ውስጡን ከፍታ አንዲት የእሳት እራት አገኘች፤ ከዚያ ወዲህ የኮምፒዩተር ስህተት ሁሉ «ባግ» ተባለ። ታሪኩ ያምራል፤ የእሳት እራቷም እውነት ናት። የተቀረው ግን ይፈተሽ።

መስከረም ወር 1947፣ በወሩ 9ኛ ቀን፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራበት በነበረው ማርክ 2 ኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ሪሌይ መካከል የእሳት እራት ተገኘች። ሪሌይ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ መሃላቸው ነፍሳት ከገባ አይነካኩም፣ ማሽኑም «አዎ» ማለት ሲገባው «አይ» ይላል። ሠራተኞቹ እራቷን አውጥተው የሥራ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏት፤ ሥሯም «በእርግጥ ነፍሳት ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» የሚል ሐሳብ ያለው ማስታወሻ ጻፉ።

አሁን እንደ መርማሪ እናስብ። ጸሐፊው «በእርግጥ» ማለት ለምን አስፈለገው? ስህተትን «ነፍሳት» ብሎ መጥራት ከዚያ በፊት የተለመደ ስለነበረ ነዋ! ቀልዱ የሚያስቀው ያኔ ብቻ ነው። ደግሞም ማስረጃ አለ፤ ቶማስ ኤዲሰን በኅዳር 1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ አዲስ ፈጠራ ውስጥ የሚገጥሙ ጥቃቅን እንከኖችን በዚሁ ቃል ጠርቷቸዋል። ከእሳት እራቷ 69 ዓመት በፊት ማለት ነው። ሆፐርም ብትሆን ታሪኩን መናገር ትወድ ነበር እንጂ እራቷ ስትገኝ በቦታው እንዳልነበረች አልደበቀችም።

ጃርጎን ፋይል ይህንን ታሪክ ይዞታል፤ የእሳት እራቷ ስሚዝሶንያን በተባለው የአሜሪካ ሙዚየም እንደምትገኝ የሚነገረውንም ጭምር። በ1990 የፋይሉ አዘጋጅ ሲያጣራ ግን እራቷ እዚያ አልነበረችም፤ በአንድ የባህር ኃይል ምርምር ማዕከል ተቀምጣ ነበር። የእሱ ማጣራት ሰዎችን አነቃቅቶ መዝገቡ በኋላ እውነትም ወደ ሙዚየሙ ገባ። ማለትም ስህተቱን ለማረም የተደረገው ሙከራ ስህተቱን እውነት አደረገው። ፋይሉ ራሱም በዚህ ጉዳይ ይቀልዳል። እኔ የምወስደው ትምህርት ግን ቀላል ነው፤ የሚያምር ታሪክ ስንሰማ ቀኑንና ሰነዱን እንጠይቅ።

«ሃከር» የማን ቃል ነው?

በ1983 ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሆኑ። ፋይሉ በጋይ ስቲልና በጓደኞቹ ተዘጋጅቶ «ዘ ሃከርስ ዲክሽነሪ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ሆነ። ፋይሉን ለጻፉት ሰዎች ሃከር ማለት በዋናነት የማሽንን ውስጠ ነገር መርምሮ ማወቅ የሚያስደስተው፣ ፕሮግራም መጻፍ የሚወድ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ግን «ዎርጌምስ» የተሰኘው ፊልም ወጣ፤ ከሚልዋኪ ከተማ የመጡ ወጣቶችም የሌሎችን ኮምፒዩተሮች ሰብረው በመግባታቸው የአሜሪካ ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኑ። ጋዜጦቹ ልጆቹን «ሃከሮች» አሏቸው። የሕዝቡ ጆሮ የያዘው ይህንኛውን ነው።

የፋይሉ ሰዎች ተናደዱ። ሰብሮ የሚገባውን «ክራከር» በሉት፣ የእኛን ስም አታበላሹ አሉ። በ1990ዎቹ ቅጂ ላይ የ«ሃከር» መጥፎ ትርጉም «የማይመከር» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ይታያል። እስከ ዛሬ «ጋዜጠኞች ናቸው ቃሉን ያበላሹት» የሚል ፕሮግራመር ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሰነዶቹ ለእነሱም አልወገኑም። የኤምአይቲ የተማሪዎች ጋዜጣ በኅዳር 1963 ባወጣው ዘገባ «ሃከሮች» የስልክ መስመሮችን እያጨናነቁ፣ የርቀት ጥሪ በሌላ ተቋም ሒሳብ እየደወሉ መሆኑን ጽፏል። ኮምፒዩተርን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝተው ወደ ውጭ የሚያስደውል መስመር ይፈልጉ እንደነበርም ይገልጻል። ይህ ከፊልሙ 20 ዓመት በፊት ነው፤ ያውም ቃሉ በተወለደበት ግቢ! የፋይሉ የቀደሙት ቅጂዎችም ቢሆኑ «የሰው መረጃ የሚነካካ፣ ነገር የሚፈተፍት» የሚለውን ትርጉም ያለምንም ተቃውሞ ከሌሎቹ ጎን ዘርዝረውታል። «የማይመከር» የሚለው ምልክት በኋላ የመጣ ነው።

ይህ ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ነጥብ ነው። ተጠቃሚዎች ቃላቸውን ሲተረጉሙ ራሳቸውንም እየሳሉ ነው፤ ሰው ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ፀጉሩን ያበጥራል። ፋይሉን በ1990 ያደሰውና በ1991 በአዲስ መጽሐፍ ያወጣው ኤሪክ ሬይመንድ የዩኒክስ ፕሮግራመሮችን ቃላት በብዛት ሲያስገባ፣ ፋይሉን የጀመሩት የፒዲፒ-10 ሰዎች ዓለም ከጎን ወደ ጀርባ እየተገፋ ሄደ። ቅሬታም ተነሳ። ደግነቱ የቀደሙት ቅጂዎች አልጠፉም፤ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማን ምን እንደቀየረ ማየት እንችላለን። ለታሪክ አጥኚ ከመጨረሻው ንጹህ ቅጂ ይልቅ እነዚያ የተሠረዙና የተደለዙ ቅጂዎች ይጠቅማሉ።

ቅጂ ባይኖርስ? የፈገግታ ምልክቱን አስቡት። ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና የቅንፍ መዝጊያ ደርድሮ «ይህ ቀልድ ነው» ለማለት የመጀመሪያውን ሐሳብ ያቀረበው ስኮት ፋልማን ነው፤ በመስከረም 1982፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ። ዛሬ በየቀኑ የምንልካቸው የፊት ምልክቶች አያት ነው ማለት ይቻላል። መልእክቱን ግን ማንም ቁም ነገር ብሎ አላስቀመጠውም ነበር። በ2002 ብቻ፣ ከ20 ዓመት በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች የድሮ መጠባበቂያ ቴፖችን ፈትሸው አገኙት። ቴፖቹ ተጥለው ቢሆን ኖሮ የቀረን «እኔ ነኝ የጀመርኩት» የሚል የቃል ክርክር ብቻ ይሆን ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛስ? «ሃክ» ወደ አማርኛ ሲገባ ባቡሩንና ጨዋታውን እዚያው ትቶ መጥፎ ትርጉሙን ብቻ ይዞ መጣ። «ፌስቡኬ ሃክ ተደረገ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሆነው ነገር ሰውየው በተላከለት የውሸት ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉን በገዛ እጁ መጻፉ ነው። ቃሉ ጥፋቱን ከባለቤቱ ወደ አንድ የማይታይ ሊቅ ያሻግርለታል።

የራሳችን የሆኑትማ የበለጠ ይናገራሉ። «ሚስኮል» ከእንግሊዝኛ ቢመጣም እኛ ጋ ያላነሱት ጥሪ ብቻ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። «ስትደርስ ሚስኮል አድርግልኝ» ስንል ስልኩ ሳይነሳ ስለሚቋረጥ ሒሳብ የማይቆጥር፣ በነፃ የሚላክ የአንድ ቢት መልእክት ፈጥረናል ማለት ነው፤ ጠራ ወይም አልጠራም። «ካርድ»ም እንዲሁ ነው። በጥፍር እየተፋቀ የሚሞላው ወረቀት ከብዙ ሰው እጅ ወጥቷል፤ በ2021 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንዱ ለሌላው በስልክ ይሞላለታል። ግን አሁንም «ካርድ ላኪልኝ እስቲ» እንላለን። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚወለድ ልጅ «ካርዱ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?

የእኔ ተወዳጅ ግን «ሲስተም የለም» ነው። ባንክ ወይም ቢሮ ሄዳችሁ ይህን ያልሰማችሁ አላችሁ? እንደ ጃርጎን ፋይል ልተርጉመው፦

«ሲስተም የለም። 1. ቅርንጫፉን ከዋናው የመረጃ ማዕከል ጋር የሚያገናኘው መስመር ተቋርጧል። 2. መስመሩ ደህና ነው፤ ማዕከሉ ያለው ሰርቨር አይመልስም። 3. መብራት ጠፍቷል፣ የመጠባበቂያ ባትሪውም አልቋል። 4. ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ነገ ይመለሱ።»

ሣቁ እንዳለ ሆኖ፣ ቃሉ ውስጥ አንድ የምህንድስና ታሪክ አለ። የደንበኛ ሒሳብ ቅርንጫፉ ውስጥ በወረቀት መዝገብ ይያዝ በነበረበት ዘመን ይህ አባባል ሊኖር አይችልም ነበር፤ መዝገቡ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነውና። «ሲስተም የለም» መባል የተቻለው ሒሳቡ ከቅርንጫፉ ወጥቶ አንድ ማዕከል ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በአንድ በኩል ከየትኛውም ቅርንጫፍ ገንዘብ ማውጣት ቻልን፤ በሌላ በኩል አንድ ቦታ የተበጠሰ መስመር አንድ ሙሉ ወረፋ ባዶ እጁን ይመልሳል። ይህንን ለውጥ የመሐንዲስ ሪፖርት በብዙ ገጽ ይጽፈዋል፤ ሕዝቡ በሁለት ቃል ጨርሶታል።

እነዚህን የሚጽፋቸው ግን የለም። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ ነው፤ ዓላማው ግን ለሳይንሱ ቃል ማበጀት እንጂ ተራው ሰው የሚለውን መመዝገብ አልነበረም። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ሌላም ችግር ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3ኛ ስሪት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የብዙዎቻችን ታላላቆች የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ መልእክቶቻቸውን በላቲን ፊደል የጻፉትም ለዚሁ ነው። ያኔ የተባለውና የተቀለደው ሁሉ በቀላሉ የሚፈለግ መዝገብ ሳይሆን ቀርቷል።

አሁን ግን ምክንያት የለንም። ፊደሉ በየስልካችን አለ። ዲክሽነሪ ለማዘጋጀት የቋንቋ ሊቅ መሆንም አያስፈልግም፤ ፊንክልም የኮምፒዩተር ሰው ነበር። አራት ነገር መጻፍ ይበቃል፦ ቃሉ፣ መቼና የት እንደተሰማ፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ ከሥሩ ያለው አሠራር ምን እንደሆነ። አራተኛው አይዘለል። ስልክ ጠጋኞች፣ የታክሲ ጥሪ ሹፌሮች፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዮች፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች እኛ የማናውቃቸው ስንት ቃላት አሏቸው! ትርጉሙ ሲሻሻል ደግሞ የድሮውን አትሰርዙት፤ ቀኑን ጽፋችሁ ከሥር ጨምሩበት። የ«ሃከር» ታሪክ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

እኔ ከደብተራችን የኋላ ገጾች ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሽማግሌው፦ በመስኮቱ በኩል ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ። ሲሞቅ ቮልቴጁ ይንሸራተታል። ጠዋት ብቻ ተጠቀሙበት፣ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ በመልቲሜትር አረጋግጡ።» ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ ሁለት ሳምንት ያተርፍለታል።